የስፔን «ኖ ሉክራቲቫ» ቪዛ፦ መግባቱ ሳይሆን ማደሱ ነው የሚፈትነው

ስፔን ሥራ ሳይሠራ በራሱ ገንዘብ ለሚኖር የውጭ ዜጋ የምትሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ «ኖ ሉክራቲቫ» ይባላል። ቤት በመግዛት የሚገኘው «ወርቃማ ቪዛ» ኤፕሪል 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ ወዲህ ጡረታቸውን፣ የቤት ኪራይ ገቢያቸውን ወይም ቁጠባቸውን ይዘው ስፔን መኖር ለሚፈልጉ የቀረው ዋና በር ይህ ነው። አሜሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ወይም ሊወጡ የተቃረቡ ኢትዮጵያውያንም ስለሱ አዘውትረው ይጠይቃሉ፤ ይህን ግምገማ የጻፍነው በተለይ ለእነሱ ነው።

ስለ ቪዛው የሚወራው በአብዛኛው ስለ መጀመሪያው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ወረቀቱን በትክክል ያሟላ ሰው ቪዛውን ያገኛል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በ12ኛው ወር፣ እድሳት ሲመጣ ነው።

በገንዘቡ እንጀምር። መለኪያው «ኢፕሬም» የሚባል፣ መንግሥት የሚወስነው የገቢ ማመሳከሪያ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በወር 600 ዩሮ ነው። ዋናው አመልካች የዚህን አራት እጥፍ፣ ማለትም በወር 2,400 ወይም በዓመት 28,800 ዩሮ ያሳያል። አብሮ ለሚሄድ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በዓመት 7,200 ይጨመራል። ስለዚህ ባልና ሚስት 36,000፣ ሁለት ልጆች ሲታከሉ 50,400 ይሆናል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ፣ የቤት ኪራይ፣ የአክሲዮን ትርፍና የባንክ ቁጠባ ሁሉም ይቆጠራሉ፤ አደባልቆ ማቅረብም ይቻላል። ጡረታው በዶላር የሆነ ሰው ግን ልክ 2,400 ዩሮ ላይ ቆሞ ባያመለክት ይሻላል፤ ምንዛሬው ትንሽ ሲወርድ ከመስፈርቱ በታች ይሆናል። ከማመልከቻው በፊት ባለው ሳምንት ድንገት ሒሳቡ ውስጥ የገባ ትልቅ ገንዘብም ጥያቄ ያስነሳል። ምንጩን የሚያስረዳ ወረቀት፣ ለምሳሌ የቤት ሽያጭ ውል፣ አብሮ መቅረብ አለበት።

አዲስ አበባ ያለ ቤት ኪራይ ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። ቆንስላው የሚያየው የገንዘቡን መጠን ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ስፔን ደርሶ ሊወጣ መቻሉንም ያያል። ብር በውጭ ምንዛሬ ደንብ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በዶላር ወይም በዩሮ የተቀመጠ ሒሳብ ከጎኑ ቢቆም ማመልከቻው በጣም ይጠነክራል።

ቀጥሎ ሰዎች በብዛት የሚስቱት ነጥብ ሥራ ነው። ይህ ፈቃድ ማንኛውንም ሥራ ይከለክላል፤ ቫሌንሲያ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ለአሜሪካ ድርጅት መሥራትንም ጭምር። በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች በ2022 የወጣ ሕግ የፈጠረው ሌላ ቪዛ ስላለ፣ ቆንስላዎች ሁለቱን መንገዶች በጥብቅ ይለያሉ። ገና በሥራ ላይ ያለ አመልካች ሥራ መልቀቁን የሚያሳይ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። የራሱ ንግድ ያለው ሰው ደግሞ ድርጅቱን ሌላ ሰው እንደሚመራውና እሱ የሚያገኘው የባለቤትነት ትርፍ ብቻ መሆኑን በሰነድ ማስረዳት አለበት። ሬስቶራንቱን ከስፔን ሆኖ በስልክ ለማስተዳደር ላሰበ ሰው ይህ ቪዛ ትክክለኛው አይደለም።

ሰነዶቹ ራሳቸው አስቸጋሪ አይደሉም፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ወሳኝ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው መጀመር ያለበት ከኤፍቢአይ የወንጀል ነጻነት ማስረጃ ነው። የጣት አሻራ ይሰጣል፣ 18 ዶላር ይከፈላል። ከዚያ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲኖረው የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ፣ ይደረግበታል፤ ይህን የሚሠራው ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፣ ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር ያስከፍላል። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። ሰዎች የኤፍቢአይን ወረቀት ወደሚኖሩበት ስቴት ቢሮ ይልካሉ፤ ስቴቱ የፌዴራል ሰነድ ላይ አፖስቲል የማድረግ ሥልጣን ስለሌለው ሳምንታት በከንቱ ይባክናሉ። ትርጉም የሚመጣው ከአፖስቲሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አፖስቲሉም ራሱ መተርጎም አለበት። ተርጓሚው የስፔን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስማለው መሆን ይኖርበታል። የሐኪም ማስረጃው የመጨረሻው ነው፤ ከሦስት ወር በላይ ካለፈው አይቀበሉትም። በቅድሚያ አውጥተውት ኤፍቢአይን ሲጠብቁ የሚያረጅባቸው ጥቂት አይደሉም።

የእኛ ሰዎች ደግሞ የተለየ ራስ ምታት አለብን፤ እሱም ስም ነው። ስፔናዊ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው። እኛ የአባት ስም ይዘን ስለምንሄድ ባልና ሚስት በወረቀት ላይ የሚጋሩት ስም የለም፤ የልጆቹም «የቤተሰብ ስም» የእናታቸው ሳይሆን የአባታቸው የመጀመሪያ ስም ነው። ዝምድናው የሚረጋገጠው በጋብቻና በልደት ማስረጃ ብቻ ስለሆነ እነዚህ እንከን ሊኖርባቸው አይገባም። «ታደሰ» ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ልደት ማስረጃው ላይ በአንድ ከተጻፈ፣ ወይም አሜሪካ ዜግነት ሲወሰድ ስም ተቀይሮ ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሕጋዊ ወረቀት ከመጀመሪያው ይያያዝ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ የወሳኝ ኩነት ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ባለው የስፔን ኤምባሲ ሕጋዊ ይደረጋል። ማስረጃው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ ትርጉሙ ከእንግሊዝኛው ሊሠራ ይችላል።

የጤና ኢንሹራንሱ ስፔን ውስጥ ለመሥራት ከተፈቀደለት ኩባንያ መገዛት አለበት። በየሕክምናው የሚከፈል ድርሻ የሌለበት፣ የመጠበቂያ ጊዜ የሌለበት፣ ሙሉ ዓመት የሚሸፍን ይሁን። ርካሹን የጉዞ ኢንሹራንስ ይዞ መቅረብ ውድቅ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይሠራም። ዕድሜ ከገፋ በኋላ አዲስ ደንበኛ የማይቀበሉ ኩባንያዎች ስላሉ፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፤ ኢንሹራንስ ሳያገኙ የኤፍቢአይ ወረቀት ማሰባሰብ ዋጋ የለውም። አንድ ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖሩ በኋላ ወደ መንግሥት ሕክምና በክፍያ መግባት ይቻላል፦ ከ65 ዓመት በታች በወር 60፣ ከዚያ በላይ 157 ዩሮ። ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት ግን አይካተትም፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ይህን ወጪ ለብቻው ያስላ።

ማመልከቻው የሚገባው ሰውዬው በሚኖርበት አካባቢ ላይ ሥልጣን ላለው ቆንስላ ነው። ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች ዋሽንግተን ያለው ነው። ስፔን ከተገባ በኋላ ሁለት ሥራዎች አሉ፦ በማዘጋጃ ቤት አድራሻ ማስመዝገብ፣ ከዚያም በአንድ ወር ውስጥ ለነዋሪነት ካርዱ በፖሊስ ጣቢያ አሻራ መስጠት። ትልቁ መጉላላት የአሻራው ቀጠሮ ነው። ማድሪድና ባርሴሎና ውስጥ ቀጠሮ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ቀጠሮው በነጻ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ እያፈሱ የሚሸጡ ደላሎች አሉ፤ ገንዘባችሁን አትስጡ። ገጹን በጠዋት ደጋግሞ መክፈት፣ በዚያው ክፍለ ሀገር ያሉ ትናንሽ ከተሞችን ጣቢያዎች መሞከር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የመጀመሪያው ፈቃድ የአንድ ዓመት ነው፤ የሚታደሰው ለሁለት ዓመት፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት ዓመት ነው። ለሁለት ዓመት እድሳት የሁለት ዓመት ገንዘብ ማሳየት ግድ ነው፦ ለአንድ ሰው 57,600፣ ለባልና ሚስት 72,000 ዩሮ። በየወሩ ከ2,400 ዩሮ በላይ የማይቋረጥ ጡረታ ያለው ሰው የጡረታ ደብዳቤውን አሳይቶ ያልፋል። በቁጠባ የገባ ሰው ግን እዚህ ላይ ይወድቃል። 28,800 ይዞ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ከሱ እየበላ ከርሞ በመጨረሻ 57,600 አሳይ ይባላል። ስለዚህ በቁጠባ ብቻ ለሚሄድ ነጠላ ሰው ከመነሻው መያዝ ያለበት እውነተኛ መጠን ሁለቱ ተደምረው 86,400 ዩሮ ነው። ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሚነግር አማካሪ ክፍያው ይገባዋል፤ ስለ መጀመሪያው ዓመት ብቻ የሚያወራውን ይለፉት።

ሁለተኛው የእድሳት ሁኔታ መቆየት ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ፈቃዱን ለማደስ በዓመት ከ183 ቀን በላይ ስፔን ውስጥ መኖርን ይጠይቃል። ከ183 ቀን በላይ የኖረ ሰው ደግሞ የስፔን ግብር ከፋይ ነው፤ የሚታየውም በዓለም ዙሪያ ያለው ገቢ ሁሉ ነው፣ የአዲስ አበባው ኪራይ ጭምር። ፈቃዱን እያደሱ ከግብሩ መሸሽ አይቻልም። ከዚህ ሌላ ከስፔን ውጭ ያለ የባንክ ሒሳብ፣ ኢንቨስትመንት ወይም ቤት በየምድቡ ከ50,000 ዩሮ ካለፈ እስከ ማርች 31 በቅጽ 720 ይታወጃል። አሜሪካዊ ዜጋ ደግሞ የትም ቢኖር ለአሜሪካም ግብሩን ማስታወቅ አለበት፤ ሁለቱን አገሮች የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ ከመሄድ በፊት ማማከር ከማንኛውም የጠበቃ ክፍያ ይበልጥ ይጠቅማል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግማሹን ዓመት ስፔን ሲኖር የአሜሪካ ነዋሪነቱን አደጋ ላይ ስለሚጥል ይህን ቪዛ አንመክረውም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ቋሚ ነዋሪነት ይጠየቃል፤ በእነዚያ ዓመታት ከስፔን ውጭ የታለፈው ጊዜ በድምሩ ከ10 ወር መብለጥ የለበትም። ለአብዛኛው ሰው ዜግነት የሚጠየቀው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ገቢው ለስፔን የማይደርስ ሰው ጎረቤቷን ፖርቱጋልን ይይ። የዚያው ዓይነት ቪዛ፣ «ዴ ሴቴ» (D7) የሚባለው፣ የገቢ መነሻው የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው፤ በ2025 በወር 870 ዩሮ ነበር፣ ለትዳር ጓደኛ የዚህ ግማሽ ይጨመራል። የመጀመሪያው ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ድክመቱ የቢሮው መዘግየት ነው፦ በ2023 አሮጌው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፈርሶ በአዲስ ሲተካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የተከማቸ ፋይል አብሮ ተወረሰ። በወር 1,500 ዩሮ የጡረታ ገቢ ያለው ሰው ስፔንን ትቶ እዚያ ቢያመለክት ይሻለዋል፤ መጠበቅን ግን ከመነሻው መቀበል አለበት።