የሚታጠብ የአየር ፊልትሮና ትንሿ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ሞተሬ ላይ ከ9 ወር በኋላ

ሰላም ሞተረኞች። ሁለቱንም የገዛኋቸው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፣ አሁን ሐምሌ ገብቷል፣ የበጋውንም አቧራ የክረምቱንም ጭቃ አይተዋል፣ ሞተሯም በዚህ መሀል ወደ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ ስለነሱ ማውራት እችላለሁ። ያስመጣሁት ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፣ አንዱ በሽቦ ቀፎ ላይ የሚለበስ የሚታጠብ ስፖንጅ የአየር ፊልትሮ ነው፣ ሌላው በቤንዚን ቱቦው መሀል የምትገባ ውስጧ የሚታይ ትንሽዬ ፊልትሮ። ማርካ የሚባል ነገር የላቸውም፣ በላስቲክ ተጠቅልለው ነው የሚሸጡት። ስፖንጁ 650 ብር፣ የቤንዚኗ 150 ብር ወጣብኝ።

ሞተሬ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) 150 ሲሲ ናት። የምኖረው ባቱ ነው፣ ስራዬ የእንስሳት ህክምና ስለሆነ በሳምንት አምስት ቀን ገጠር ቀበሌ እወጣለሁ፣ አስፋልት የማየው ጠዋት ስወጣና ማታ ስገባ ብቻ ነው። የዚህን አካባቢ አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከህዳር ጀምሮ መንገዱ እንደ ጤፍ ዱቄት ይልማል፣ ከፊትህ አይሱዙ ካለ ደግሞ በቃ ቆመህ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ይሄ አቧራ ነው እንግዲህ ኢንጅን የሚበላው። በካርቡሬተር በኩል ከገባ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ቀስ እያለ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰው የሚነቃው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲያይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

በፊት የነበረኝ የወረቀት ፊልትሮ ነው። ወረቀት መጥፎ ነው አልልም፣ እንደውም አዲስ ሲሆን ደቃቁን አቧራ በመያዝ ከስፖንጅ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን እኛ በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ወስደን በኮምፕረሰር እናስነፋዋለን፣ የጎማ መንፊያ አየር ደግሞ ሀይለኛ ነው፣ ወረቀቱን ይበሳዋል። የኔን አንድ ቀን ወደ ፀሀይ አዙሬ ባየው መርፌ የወጋው የሚመስል ብርሃን በሶስት ቦታ ያበራል፣ እና በዚህ ስንት ወር ነው የነዳሁት ብዬ በጣም ተናደድኩ። አቧራችን በዝቶ በየጊዜው አዲስ ወረቀት መግዛት ስለማልችል ነው ወደሚታጠበው የሄድኩት።

አሁን ዋናው ነገር። ስፖንጅ ያለ ዘይት ወንፊት ነው። አቧራውን የሚይዘው የስፖንጁ ቀዳዳ ሳይሆን ቀዳዳው ላይ ያለው ዘይት ነው፣ ይሄን የሸጠልኝ ልጅ አልነገረኝም እኔም አልጠየቅኩም፣ እንደመጣ ደረቁን አስሬው ሁለት ወር ሄድኩ። ታህሳስ ላይ አንድ ቅዳሜ የፊልትሮውን ሳጥን ከካርቡሬተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ፈታሁና ጣቴ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ውስጡን ጠረግኩት። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ትንሽ ወስጄ በጥርሴ መካከል ሳደርገው ይንቀጫቀጫል። ኢንጅኔ ሁለት ወር ሙሉ ይሄን ሲውጥ ነበር ማለት ነው፣ ያን ቀን ምሳ እንኳን በደንብ አልበላሁም።

ከዛ በኋላ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ስፖንጁን በነጭ ጋዝ አሸት አሸት አድርጌ አሮጌውን ዘይት አስለቅቀዋለሁ፣ ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ። እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፣ በመዳፍ ጭምቅ ብቻ፣ ከተጠመዘዘ ይቀደዳል። ጥላ ውስጥ አድሮ በደንብ ሲደርቅ ንጹህ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሁለት የሾርባ ማንኪያ 20ደብሊው50 የኢንጅን ዘይት አፈስበትና ከውጭ ፌስታሉን እያሸሁ እኩል አዳርሰዋለሁ፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ሲሆን ደርሷል። ትርፉን ጨምቄ አወጣለሁ፣ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል፣ አየር ይዘጋል፣ ካርቡሬተር ውስጥም ይገባል። የተቃጠለ ዘይት እንዳትጠቀሙ፣ እሱ ራሱ ቆሻሻ ነው። መጨረሻ ላይ ፊልትሮው ከሳጥኑ ጋር የሚገጥምበትን ከንፈር ዙሪያውን ስስ ግሪስ እቀባዋለሁ፣ እዛ ጋ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ፊልትሮው ምንም ጥሩ ቢሆን አቧራው በጎን ያልፋል። የካቲት ላይ በነጩ ጨርቅ ደግሜ ስፈትሸው ንጹህ ነበር። ከዛ ወዲህም በየወሩ እያየሁት ነው፣ አንዴም አልቆሸሸም።

በቤንዚን አትጠቡት። ጥር ላይ ነጭ ጋዝ አጥቼ በቤንዚን አጠብኩት፣ በማግስቱ ስፖንጁ የተጣበቀበት መጋጠሚያ ሁለት ጣት ያህል ተላቆ አገኘሁት፣ ማስቲሹ ቤንዚኑን አልቻለውም፣ ሌላ መግዛት ግድ ሆነ። በዛ ላይ ግቢ ውስጥ ነው የማጥበው፣ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛ ነበር፣ የቤንዚኑ ሽታ ሲደርሳት ጮኸችብኝ፣ እውነቷን ነው። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ ከራቀ እሳት ሊያያዝ ይችላል። አሁን ነጭ ጋዝም ቢሆን ከግቢ ውጭ ነው የማጥበው።

የዚህ ስፖንጅ ድክመቱ ምንድነው፣ የኢንጅን ዘይት ቀጭን ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሶስት ሳምንት ሲሆነው ወደ ታች ይወርዳል፣ የላይኛው ግማሽ ይደርቃል። ለስፖንጅ ፊልትሮ ተብሎ የሚሰራ የሚያጣብቅ ዘይት አለ፣ እሱ ቢገኝ ይሻል ነበር፣ እዚህ ግን አላገኘሁም። ስለዚህ በበጋ በየ500 ኪሎ ሜትሩ እያጠብኩ ዘይት እቀባለሁ፣ ክረምት ላይ እስከ 1500 ይሄዳል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ወረቀቱ ይሻለዋል፣ ሳያስነፋ በጊዜው ይቀይር። ቀፎው ሽቦም ዝናብ ሲነካው ዝጓል፣ በብሩሽ ጠርጌ ቀለም ቀባሁት።

ወደ ቤንዚኗ ልምጣ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው የምንቀዳው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ቀጂው ራሱ አያውቅም። ፊልትሮዋን ባስገባሁ በሶስተኛው ሳምንት ታችዋ ላይ ቀይ ዝገትና ጥቁር ነጠብጣብ ተጠራቅሞ በግልጽ ይታይ ነበር፣ ያ ሁሉ በፊት ቀጥታ ካርቡሬተር ነበር የሚገባው። እስካሁን ሶስት ቀይሬያለሁ፣ ጅግለሩ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ ያለው ብሎን) ግን አንዴም አልተደፈነም፣ ድሮ በሁለት ወር አንዴ ነበር የማስፈታው።

ውሃን ግን አታስቀርም፣ ይሄን እወቁ። ሚያዝያ ላይ ሞተሯ ጋዝ ስሰጣት ጭል ጭል እያለች መሳብ እምቢ አለች። ከካርቡሬተሩ ስር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጌ ውስጡ ያለውን ቤንዚን ወደ ሻይ ብርጭቆ ለቀቅኩት፣ አስቀምጬ ትንሽ ስጠብቅ ብርጭቆው ታች ላይ እንደ ጨሌ ድቡልቡል ያለ ነገር ሳዘነብለው ይንከባለላል፣ ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁሌ ታች ነው የሚቀመጠው፣ ትልቁ ጅግለር ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ሁለቴ ደግሜ ሳፈስሰው ተስተካከለች፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ አንድ ብርም አላወጣሁም። አሁን ከሃይላንድ በቀዳሁ ቁጥር በማግስቱ ጠዋት አፈሳለሁ፣ ብርጭቆውን ለዚሁ ለይቼዋለሁ።

ስትገጥሟት ቀስቷ ወደ ካርቡሬተሩ ማየት አለበት፣ ቱቦው ደግሞ የትም ቦታ ተጎብጦ ወደ ላይ እንዳይወጣ። ሞተራችን ፓምፕ የለውም፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ለመኪና የተሰራውን ጥብቅ ፊልትሮ ብትገጥሙበት ረጅም ዳገት ላይ ይርባታል። ግማሽ ብቻ ሞልታ አየር ቢታይባት አትደንግጡ፣ የኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደዛ ናት።

ግንቦት ላይ አሰላ ሄጄ ነበር፣ ከባቱ ወደ 800 ሜትር ትበልጣለች። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ እኔ ደግሞ ስፖንጁን ሳላጥብ ነው የወጣሁት፣ ዳገቱ ላይ ደከመችብኝ ጥቁር ጭስም አወጣች። ከተማ ስገባ ሞተሯን ያያት አንድ ልጅ፣ ጋሼ ጅግለሩ ተደፍኗል፣ በሽቦ እንውጋው አለኝ። ተው ልጄ፣ መጀመሪያ ፊልትሮውን እንየው አልኩት። ካንዴላዋን (እሳት የምትሰጠውን) ስንፈታ ጥላሸት ለብሳለች፣ ስፖንጁን አውጥቼ አጥቤ ከዘይቱ አስተካክዬ ስመልሰው አብዛኛው ድካም ጠፋ፣ የቀረው የከፍታው ነው፣ እሱ ባቱ ስመለስ ራሱ ሄደ። ጅግለር በሽቦ አይወጋም ወገኖች፣ ነሀስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ያቺ ሞተር እድሜ ልኳን ቤንዚን ስትጠጣ ትኖራለች። ሚኒሞው (ሞተሯ ቆማ ስትሰራ ዙሯን የሚያስተካክለው ብሎን) አጠገብ ያለችውን የአየር ብሎንም ከመፍታታችሁ በፊት እስክትጠብቅ ስንት ዙር እንደምትሄድ ቆጥራችሁ ጻፉት፣ የኔ ሁለት ዙር ተኩል ናት፣ የፊልትሮው ሳጥን ክዳን ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ።

ፍጆታውን ሶስት ጊዜ ታንክ ሞልቼ ለክቼዋለሁ፣ በሊትር 38 የነበረው አሁን 42 ይሄዳል፣ ግማሹ የፊልትሮው ግማሹ ካርቡሬተሩ ስላልቆሸሸ ይመስለኛል።

ክረምቱ ብዙ አላስቸገረኝም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ከሳጥኑ ስር ያለችው የውሃ ማውጫ ጎማ በጭቃ ተደፍና ሰኔ ላይ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ አገኘሁት፣ ጎማዋን በጣት ጫን እያላችሁ አስተንፍሷት።

ሁለቱንም ደግሜ እገዛለሁ፣ ገዝቻለሁም። ትርፍ ስፖንጅ አጥቤ ዘይት ቀብቼ በፌስታል አስሬ መድሃኒት የምይዝበት ሳጥን ስር አስቀምጫለሁ፣ መንገድ ላይ አቧራ ሲበዛ የቆሸሸውን አውጥቶ እሱን መክተት በ10 ቁልፍ አስር ደቂቃ አይፈጅም።