ዌበር 32/36 ካርቡሬተር በ1.6 ሊትር የኮሮላ ሞተር ላይ፦ ከባሕር ዳር እስከ ዓባይ በረሃ

ይህ አስተያየት ከስምንት ወር በፊት ባሕር ዳር ላይ በአሮጌ ኮሮላዬ ላይ ስላስገጠምሁት ዌበር 32/36 ካርቡሬተርና ልኩን መርጦ ስለገጠመልኝ መካኒክ ነው። ካርቡሬተር አየርንና ቤንዚንን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርብ ዕቃ ሲሆን፣ ቁጥሮቹ የሁለቱ አየር ማሳለፊያ ጉሮሮዎቹ ስፋት በሚሊ ሜትር ናቸው። ሞተሩ ባለ አራት ፒስቶን፣ ቶዮታ 4ኤ የሚለው፣ 1,587 ሲሲ ሲሆን፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተስተካክሎ፣ የጭስ ማውጫው ሰፋ ተደርጎ፣ ከፋብሪካው ትንሽ የሚበልጥ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ገብቶለታል። መኪናዋ ለውድድር አልተሠራችም፤ በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ የምትውል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዳገት እያሳደድሁ የምነዳት የመንገድ መኪና ናት።

በመጀመሪያ የገዛሁት 32/36ን አልነበረም። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ሞተሬን ሳይጠይቀኝ «ጉሮሮው በሰፋ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል» ብሎ 38/38 ሸጠልኝ። ዕቃው በራሱ ምንም እንከን የለበትም፤ ፎርድ በ3 ሊትር ቪ6 ሞተር ላይ የገጠመው ዓይነት ነው። የእኔ ሞተር ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ይይዛል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው አደባባይ በሁለተኛ ማርሽ ወጥቼ ነዳጁን ስረግጠው መኪናዋ ከመሄድ ይልቅ ትንፋሿ ቁርጥ ይልና፣ ዙሩ ከፍ ካለ በኋላ ብቻ እንደገና ትነሣለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉት አራቱም ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰው ወጡ።

ወደ መካኒኩ የሄድሁት በዚህ ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከካርቡሬተር በቀር ሌላ ሥራ የማይነኩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት «ልጄ፣ ሞተርህ ስንት ሲሲ ነው? እስከ ስንት ዙርስ ታስነሣዋለህ?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉት። ሞተሩ የራሱን ይዘት ያህል አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ 1,587 ሲሲ ለሁለት ተካፍሎ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲባዛ 4,761 ሊትር ይሆናል። የመንገድ ሞተር ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ 85 በመቶውን ሲወስዱ፣ በደቂቃ 4,050 ሊትር ገደማ፣ በካርቡሬተር ሻጮች መለኪያ ደግሞ ወደ 143 ኪዩቢክ ጫማ መጣ። ይህን ያህል አየር 32/36 ያለ ጭንቀት ያሳልፋል።

ከዚያ ሁለቱን ካርቡሬተሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ማንሻቸውን ገፉልኝ። የ38/38 ጉሮሮዎቹን የሚዘጉት ሁለቱም በሮች እኩል ተከፈቱ። የ32/36 ግን መጀመሪያ ባለ 32 ሚሊ ሜትሩ በር ብቻ ተከፈተ፤ እሱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ከሄደ በኋላ ነው ባለ 36ቱ መንቀሳቀስ የጀመረው። ስለዚህ በከተማ ጉዞ ሞተሩ የሚተነፍሰው በአንድ ጠባብ ጉሮሮ ነው፤ ሁለተኛው የሚመጣው አሽከርካሪው በእርግጥ ሲፈልገው ነው።

ጠባብነቱ ለምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቅ ሰው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አስታውሰዋለሁ። ሰፊው ዓባይ እዚያ ገደል ውስጥ ሲጨመቅ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጨምር ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አየርም በካርቡሬተሩ ጠባብ ወገብ፣ ቬንቱሪ በሚባለው በኩል ሲያልፍ እንዲሁ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ የወረደው ግፊትም ቤንዚኑን በካርቡሬተሩ ውስጥ ከሚጠራቀምበት ሳህን ስቦ በደቃቁ ይበትነዋል። በ32/36 ላይ ይህ ወገብ 26 እና 27 ሚሊ ሜትር ነው። ወገቡ ለሞተሩ ከሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ ቤንዚኑም ሳይበተን በጠብታ ይገባል። በአደባባዩ ላይ ትንፋሽ ያሳጠረኝ ይኸው ነበር።

ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ክርክር አለ፤ የጎጃም ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ ካርቡሬተር ያስፈልጋል ይባላል። አልስማማም። ፒስቶኑ የሚስበው የአየር ይዘት ባሕር ዳርም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው፤ የሚቀንሰው ክብደቱ ነው፣ ያን ደግሞ የጉሮሮ ስፋት አይመልሰውም። መስተካከል ያለበት የቤንዚኑ መጠን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ ከሳጥኑ የወጣው ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን ለክቶ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ሳይለወጥ ከቀረ ቤንዚን ይበዛል። መካኒኩ የመጀመሪያውን ጉሮሮ ዋና ጄት ከ140 ወደ 135 አወረዱት። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ ለሞተሩ ግን ብዙ ነው።

ገዢ ማወቅ የሚገባው ችግርም አለ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ቤንዚን የሚያሳልፈው ትንሽ ጄት እጅግ ጠባብ ነው። ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝቼ ቡሬ ላይ ሞተሩ በቆምሁ ቁጥር ይጠፋብኝ ጀመር፤ ጄቱን ፈትቼ ወደ ፀሐይ ባየሁት ጊዜ ብርሃን አላሳለፈም። በአፌ ነፍቼ መለስሁት፣ በማግሥቱም ተጨማሪ የቤንዚን ፊልትሮ አስገባሁ። የእኔ ቾክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየሩን ቀንሶ ለማስነሣት የሚረዳው ክዳን) በእጅ የሚሳብ ስለሆነ ደግሞ በእንጅባራ ብርድ ጠዋት ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ለሚይዝ፣ በመጠኑ ለተነካ የመንገድ ሞተር ይህን ካርቡሬተር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ምንም ያልተነካ 1.3 ሊትር ያለው ሰው ግን የፋብሪካውን ቢያሳድስ ገንዘቡ ይተርፈዋል።

ባለፈው ወር ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርጄ ተመለስሁ። ታችኛው በረሃ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ደጀን ከ2,400 በላይ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ፣ ከፊቴ የሚያቃስተውን የጭነት መኪና ለማለፍ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥሁት፤ ሁለተኛው በር ሲከፈት ድምፁ ወፈረ፣ መኪናዋም ሳታመነታ ሄደች። ደጀን ደርሼ ሞተሩ ሲበርድ አንዱን ካንዴላ ፈታሁ፤ ጫፉ አየሩና ቤንዚኑ መመጣጠናቸውን የሚያሳይ፣ ፈካ ያለ የገብስ ቆሎ መልክ ነበረው።