ሆስታ በማርቆስ ጓሮ፦ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ አምስት የሆስታ ሥር ገዛሁ። ችግኝ ሳይሆን ሥር ነው የምለው። ከሆላንድ መጥተው፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሻጭ እጄ ሲገቡ ቅጠል የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እርጥብ ብናኝ በሞላበት ላስቲክ የታሸጉ፣ ዝንጅብል ከመሰለ ጉጥ ላይ እንደ ገመድ የወፈረ ሥር የተንጠለጠለባቸው ነገሮች ናቸው። ለአንዱ 1,400 ብር ከፍያለሁ። በዚህ ገንዘብ ስንት የጽጌረዳ ችግኝ እንደሚገዛ ባለቤቴ አስልታ ነግራኛለች፤ እዚህ አልደግመውም። አሁን ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ነው። ዘንድሮ ሆስታ ልትከል ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያመነታ ካለ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ያየሁትን ልንገረው።

ሆስታ የጥላ ተክል ነው። ትውልዱ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ሲሆን ሰው የሚተክለው በዋናነት ለቅጠሉ ነው። የአሜሪካ የሆስታ አምራቾች ማኅበር በየዓመቱ አንድ ዝርያ “የዓመቱ ሆስታ” ብሎ ይመርጣል፣ እኔም ከዚያ ዝርዝር መረጥኩ፦ እ.ኤ.አ. የ2022ቱን አይላንድ ብሪዝ ሁለት፣ የ2008ቱን ብሉ ማውስ ኢርስ አንድ፣ የ2004ቱን ሰም ኤንድ ሰብስታንስ አንድ፣ የ2002ቱን ጓካሞሌ አንድ። የመጨረሻውን የወሰድኩት ሻጩ “አምስት ከሞላህ ማጓጓዣው በእኔ” ስላለኝ ነው። ይህን አስታውሱልኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ገና ስተክል መጥተው ከላስቲኩ ጋር የመጣውን የሰም ኤንድ ሰብስታንስን ስዕል ትኩር ብለው አዩት።

“ልጄ፣ ይኼ ኮባ ነው ወይስ ጎደሬ?”

“አበባ ነው እትዬ።”

“ታዲያ አበባው የታለ?”

“ቅጠሉ ነው አበባው።”

“ድፎ ይጋገርበታል?”

“አይጋገርበትም።”

ምንም ሳይሉ ሄዱ። ለቅጠል 1,400 ብር መክፈሌን ባይሰሙ ይሻላል ብዬ ዋጋውን ዋጥኩት።

የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው። አብሮ የመጣው መመሪያ “ከቤቱ በስተሰሜን ትከል፣ እዚያ ጥላ አይጠፋም” ይላል። ለሆላንድ ልክ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው። ጎጃም ግን ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ትወጣለች። ደመናው ገና ባልጠበቀበት በዚያ የሰኔ ሳምንት የሰሜኑ ግድግዳ እንደ ምጣድ ጋለ፣ አዲስ የወጡት ቅጠሎች ጠርዛቸው ተጠብሶ እንደ ወረቀት ሆነ። ነቅዬ ወደ ምሥራቁ በኩል፣ ከግራቪሊያው ትንሽ ራቅ አድርጌ አዛወርኳቸው። እዚያ የጠዋት ፀሐይ እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ያገኛሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ይከልላቸዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ለምትኖሩ ይኼ ይበቃል። ግራቪሊያው ሥር አትትከሉ፣ ውኃውን ቀድሞ ይጠጣል።

ሐምሌ ሲገባ ቀንድ አውጣው መጣ፤ ዛጎል የሌለው፣ ግራጫው፣ በሌሊት የሚሠራው። ሆስታ ለእሱ ሰላጣ ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረውን አመድ ነሰነስኩ። የጎጃም ዝናብ ላይ አመድ መነስነስ ምን ማለት እንደሆነ የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። በማግስቱ አመዱ የለም፣ ቅጠሉ ግን ወንፊት ሆኗል። የሠራልኝ የጠላ አተላ ነው። ጣሳ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቀበርኩና አተላ ሞላሁበት፤ የእርሾው ሽታ ይስባቸዋል፣ ገብተው አይወጡም። በመጀመሪያው ሌሊት አሥራ አንድ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ሌሊት ውሻችን ቀድሞ ጠጥቶት ጠዋት ላይ ዓይኑ ከብዶት አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ጣሳውን በጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ክፍተት ትቼ ከደንኩት። ለነገሩ ሆስታ ራሱ ለውሻና ለድመት መርዛማ ነው፣ ቅጠሉን እንዳይበሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። የጤፍ ጭድ ያለበሳችሁ ካላችሁም በክረምት አንሡት። ጭዱ የቀንድ አውጣ ቤት ነው። ጥቅምት ላይ መልሱት፣ በበጋ እርጥበት ለመያዝ ግን እሱን የሚያህል አላየሁም።

ብሉ ማውስ ኢርስ ትርጉሙ ሰማያዊ የአይጥ ጆሮ ነው፣ ስሙም ልክ ነው። ቁመቱ ከስንዝር አያልፍም፣ ቅጠሉ ትንሽና ወፍራም ስለሆነ ቀንድ አውጣው ንቆ ያልፈዋል። ግን ሰማያዊነቱን የሚሰጠው ቅጠሉ ላይ ያለ ስስ ሰም ነው፤ ያንን ዝናብና ሙቀት ያስለቅቀዋል። የእኔው በነሐሴ አጋማሽ ተራ አረንጓዴ ሆነ። በረንዳ ላይ፣ ጣሪያ ሥር በሸክላ ብተክለው ኖሮ ሰማያዊ ሆኖ ይቆይ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዘንድሮ እሞክረዋለሁ።

ሰም ኤንድ ሰብስታንስን በተመለከተ ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል። በስዕሉ ላይ ያለው ግዙፍ፣ ወርቅማ አረንጓዴ፣ ሲያድግ ወደ ጎን ሜትር ተኩል የሚዘረጋ ነው። የእኔው ሦስተኛ ቅጠሉን ሲያወጣ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ቀለም እንደፈሰሰበት ደብተር ተሰራጨ፣ ቅጠሉም ተጨማደደ። ፎቶ ልኬ ሻጩን ብጠይቀው “ማዳበሪያ አንሶት ነው” አለኝ። ማዳበሪያ አይደለም። ቤተ ሙከራ ባላስመረምረውም ምልክቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1996 የተለየው ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባለው በሽታ ነው፤ ይኼ ዝርያ ደግሞ በዚህ በሽታ ስሙ ከሚነሣ አንዱ ነው። መድኃኒት የለውም፣ በቢላዋ ላይ በቀረ ጭማቂ ወደ ሌላው ይዛመታል። ነቅዬ አቃጠልኩት። ገንዘቤ አልተመለሰም። እናንተ ስትገዙ ሥሩን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ አንድ ቅጠል ቢሆንም ያወጣውን ምረጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱም ቢላዋችሁን እጠቡ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሆስታ ብርድ ይፈልጋል። በአገሩ ቅጠሉን ጥሎ መሬት ውስጥ ይተኛል፣ ጉጡም ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ካላገኘ በሚቀጥለው ወቅት በሙሉ ጉልበቱ አይነሣም። የማርቆስን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ሰው “ይኼማ ለእኛ ምን ችግር ነው?” ይል ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በየጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አየሁት። ብዙውን ቀን 7 ወይም 8፣ 4 የነካው ሦስት ሌሊት ብቻ። ያውም ረፋዱ ላይ ጋቢያችንን አውልቀን ነው የምንቀመጠው፣ ከሰዓት 23 ይደርሳል። ተክሉ ሊያሸልብ ሲል ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች።

ሁለት አይላንድ ብሪዝ መግዛቴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። አንዱን በቦታው ተውኩት። ሌላውን ኅዳር 20 ነቅዬ፣ ቅጠሉን ቆርጬ፣ አፈሩን አራግፌ፣ እምብዛም ባልራሰ ሰጋቱራ ጠቅልዬ፣ በተበሳሳ ላስቲክ ፍሪጅ ውስጥ የአትክልት መሳቢያው ላይ አስቀመጥኩት። ሙዝና ፖም ከዚያ መሳቢያ ተባረሩ፤ ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ጉጡን ይጎዳዋል። ባለቤቴ ይህን በትዕግሥት ቻለችው። ለገና የመጡት አማቴ ግን “ይኼ ዝንጅብል ተበላሽቷል” ብለው ከቆሻሻው ጋር ሊያወጡት ሲሉ በር ላይ ደረስኩ። መብራት በጠፋ ቁጥርም ፍሪጁ እንዳይከፈት ዘበኛ እኔ ነበርኩ።

ጥር 6 አውጥቼ ተከልኩት። የካቲት አጋማሽ ላይ ጉጡ እንደ ጦር ጫፍ ሹል ሆኖ ወጣ፣ ዛሬ ዘጠኝ ቅጠል አለው። መሐሉ ብሩህ ቢጫ፣ ዳሩ ሰፊ ጥቁር አረንጓዴ፣ የቅጠሉ አንገት ላይ ደግሞ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ። ጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ቡናዬን ይዤ የምቆመው እሱ ፊት ነው። ወንድሙ፣ መሬት ላይ የተውኩት፣ አራት ቅጠል ይዟል፣ እያንዳንዱ ካለፈው ያነሰ። አልሞተም። ግን አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ የከረመ ሰው ይመስላል። የአይጥ ጆሮውም ሳይነቀል ከርሞ እንዲሁ ኮስሷል። ከጮቄ ግርጌ፣ ውርጭ በሚያዘወትርበት ደጋ የምትኖሩ ካላችሁ ፍሪጅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ባሕር ዳር ላላችሁ ግን እንዲህ ያለውን ዝርያ ያለ ፍሪጅ አልመክርም።

ጓካሞሌን አስታውሱልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የዘር ሐረጉ ከቻይናው ሆስታ ፕላንታጊኒያ ይመዘዛል። እሱ የሞቀ አገር ተክል ስለሆነ ብዙ ብርድ አይጠይቅም፣ ሽታ ያለውም እሱ ነው። ከተከልኩት በሦስተኛው ወር፣ አደይ ሜዳውን ቢጫ ባደረገችበት ሰሞን፣ ረጅም አገዳ አወጣ። አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ደንገዝገዝ ሲል ሽታው አጥር ይሻገራል። በመጀመሪያው ማታ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና፣ “ምን አጭሰህ ነው?” አሉኝ። እጣን መስሏቸው ነው። አበባውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ “እንዲህ በለኝ እንጂ፣ ቅጠል ቅጠል ትለኛለህ!” ብለው ተቆጡኝ።

በጋውን ሳልነቅለው ከረመ። ታኅሣሥ ላይ ግማሽ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፣ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ጀሪካን ውኃ እየሰጠሁት ቆየ፣ መጋቢት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰው ከአምስት ቦታ ጉጥ አወጣ። ቅጠሉ መሐሉ የበሰለ አቮካዶ፣ ዳሩ የአቮካዶ ልጣጭ ነው። ብዙ ያልለፋሁበትና ብዙ የሰጠኝ እሱ ነው። ስለዚህ ለዘንድሮ ያዘዝኩት ሁለት ተጨማሪ ጓካሞሌ ነው፣ ከሌላ ሻጭ። አይላንድ ብሪዙ አንድ ይበቃኛል፤ የፍሪጁ መሳቢያም ከዚያ በላይ አልተፈቀደልኝም።

ባለፈው ሳምንት ጓካሞሌውን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለእትዬ ሰጠሁ። ጌሾው ሥር ቢተክሉት ጥላ እንደሚያገኝ፣ ግልገሏም እንዳትደርስበት ነገርኳቸው። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ጉድጓዱን የቆፈሩት ጌሾው ሥር ሳይሆን ማታ ቡና ከሚያፈሉበት በረንዳ ፊት ለፊት ነው።