«ፉድ ግሬድ (ምግብ ለመንካት የሚሆን) ነው» ብለው የሚሸጡላችሁን የማሽን ዕቃ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት

ምግብ ማቀነባበሪያ ማሽን ያላችሁ ሁሉ ይቺን አንብቡ። ከአንድ ሻጭ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የጎማ ማሸጊያና ኩሽኔታ አዘን ነበር። ውሉ ላይ የሰፈረው 316ኤል የሚባለው ዝገት የሚቋቋም የስቴንለስ ብረት ዓይነት ነው። የመጣው ዕቃ ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በክሎሪን እየታጠበ እያለ፣ ብየዳው ዙሪያ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ።

ሻጩን ስንጠይቀው ማግኔት አውጥቶ «ይኸው አይስብም፣ ኦሪጅናል ነው» አለን። ይቺ የቆየች ጨዋታ ናት። 201 የሚባለው ርካሽ ስቴንለስም እኮ ማግኔት እምብዛም አይስበውም! ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ ስለሚጨመርበት ዋጋው ይወርዳል፣ ዝገት የመቋቋም አቅሙም አብሮ ይወርዳል። 304 የሚባለው ትክክለኛ ስቴንለስ ደግሞ ሲታጠፍና ሲቀጠቀጥ ትንሽ ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ ማግኔቱን ተዉት። 316 ጨውና ክሎሪንን የተሻለ የሚችለው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ነው፤ እሱን ደግሞ በዓይን አታዩትም። የፋብሪካውን የቁስ ሰርተፍኬት ጠይቁ፣ ብረቱ የቀለጠበትን ዙር የሚለየው ቁጥርም ዕቃው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ።

ጎማው ሌላ ጉድ ነው። ስሙም፣ ዓይነቱም የትም አልተጻፈበትም፤ ስታሹት ጣት ያጠቁራል። ኢፒዲኤም የሚባለው የጎማ ዓይነት ለሙቅ ውሃና ለማጠቢያ ኬሚካል ጎበዝ ነው፣ ዘይትና ቅባት ሲነካው ግን ያብጣል። ምርታችሁ ቅባት ካለው ኤንቢአር ወይም ኤፍኬኤም የሚባሉትን የጎማ ዓይነቶች ጠይቁ፣ ለምግብ የተፈቀደ መሆኑንም በጽሑፍ ይስጧችሁ። «ጥቁር ጎማ ሁሉ ያው ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሹልክ በሉ።

የመገጣጠሚያው ውጭ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ውስጡን በባትሪ ስናየው ብየዳው አልተፋቀም፣ ጎርባጣ ነው፣ ጥጉ ላይ ስንጥቅ የመሰለ ክፍተት አለ። ምግቡ የሚያልፈው በውስጥ ነው እንጂ በውጭ አይደለም፣ ቅሪቱ እዛች ክፍተት ውስጥ ከገባ ደግሞ የትኛውም እጥበት አያወጣውም፤ ባክቴሪያ ቤቱን ይሠራል። ምግብ የሚነካ ገጽ ሻካራነቱ በተለምዶ ከ0.8 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ቁጥሩን ትዕዛዙ ላይ ጻፉት። ምግብ የሚነካበት ቦታ ላይ የተጋለጠ የብሎን ጥርስም አትቀበሉ።

ኩሽኔታው ተራ ግራሶ ተሞልቶ ነው የመጣው። ምግብ አጠገብ ላለ ቦታ ኤች1 የሚባለው፣ ድንገት ምግብ ቢነካም የተፈቀደው ግራሶ ነው የሚፈለገው።

«ሰርተፍኬቱን በኋላ እልካለሁ» ካላችሁ እናንተም ክፍያውን በኋላ ላኩ። እኛ ገንዘባችን እንዲመለስ ጠይቀናል፣ ሰውዬው ስልክ ማንሳት ትቷል።