ሃሴጋዋ ወይስ ባንዳይ? የመጀመሪያዋን ቫልኪሪ ለምትሠሩ

ሁለት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ሳጥኖች ጎን ለጎን አሉ። በሁለቱም ላይ የተሳለችው አንዲት አውሮፕላን ናት፤ ቪኤፍ-1 ቫልኪሪ። ሁለቱም ላይ 1/72 የሚል ተጽፏል፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው መጠን 72 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። አንዱ የሃሴጋዋ ነው፣ ሌላው የባንዳይ፤ ሁለቱም የጃፓን ሞዴል ሠሪ ኩባንያዎች ናቸው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዋጋቸውን አይቶ ረከስ ያለውን ያነሳል። ረከስ የሚለው ደግሞ የሃሴጋዋው ነው። ቤት ገብቶ ሳጥኑን ሲከፍት ነው ነገሩ የሚገባው። የሃሴጋዋዋ አውሮፕላን ሆና ተሠርታ አውሮፕላን ሆና ትቀራለች። ተጣጥፋ ሮቦት የምትሆነው የባንዳይዋ ናት።

ለማያውቋት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ቫልኪሪ የወጣችው ማክሮስ በተባለው የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በኦክቶበር 1982 እ.ኤ.አ. ነው። ንድፏ የሾጂ ካዋሞሪ ሥራ ነው። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤፍ-14 ቶምካት ነበር። ክንፏ እንደ ቶምካት ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ የቆሙ ጭራዎቿም ሁለት ናቸው። ሦስት መልክ አላት። አንደኛው ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ሁለተኛው ባትሮይድ፣ ማለትም ሮቦት ነው። በመሃል ያለው ጋዎክ ይባላል፤ እጅና እግር ያወጣ አውሮፕላን ማለት ነው። ልጅነታቸውን አሜሪካ ያሳለፉ ደግሞ ሳያውቁት አይተዋት ይሆናል። ታካቶኩ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራው የቫልኪሪ መጫወቻ በ1985 በአሜሪካው መጫወቻ ሠሪ በሃስብሮ በኩል ጄትፋየር ተብሎ ከትራንስፎርመርስ ጋር ተሸጧል።

ምርጫው የሚወሰነው በአቀያየሯ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ የሞተር ቤቶች እግሮቿ ናቸው። የእሳት መውጫዎቹ ሲከፈቱ መርገጫ ይሆናሉ። እጆቿ በሞተሮቹ መካከል ሆዷ ስር ተጣጥፈው ተደብቀዋል። ጭንቅላቷም እዚያው ሆዷ ስር ነው። ወደ ባትሮይድ ስትቀየር እግሮቹ ከኋላ ተነስተው ወደ አፍንጫዋ ጎን ይመጣሉ። ወገቧ ይታጠፋል፣ የአብራሪው መስኮት በጋሻ ይሸፈናል፣ ጭራዎቹ ጀርባዋ ላይ ይተኛሉ። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በ20 ሳንቲሜትር ፕላስቲክ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ማጠፊያ የራሱን ቦታ ይፈልጋል። ማጠፊያ የገባበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ቅርጽ ላይ የተቀነሰ ነው።

ሃሴጋዋ ያንን መቀነስ አልፈለገም። ከ1941 ጀምሮ ያለ ኩባንያ ነው፤ ስሙን ያተረፈው በእውነተኛ አውሮፕላኖች ሞዴል ነው። ቫልኪሪንም የሠራት አገልግሎት ላይ እንዳለች እውነተኛ የጦር አውሮፕላን አድርጎ ነው። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ አንገቷ ቀጭን ነው። የብረት ሰሌዳዎቹ መጋጠሚያ በቀጭን መስመር ተቀርጿል። ከ1/72 ቶምካት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጧት ዝምድናቸው ወዲያው ይታያል። ቶምካቱ ወደ 26 ሳንቲሜትር ተኩል ይረዝማል፤ እሷ ከ20 ትንሽ ታንሳለች። ባትሮይዱን ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ሳጥን ነው የምትገዙት።

ዋጋዋም ሳጥኑ ላይ ባለው አያበቃም። በኮላ ነው የምትያያዘው፣ ቀለሟንም የምትቀቡት እናንተ ናችሁ። ኮላው ደግሞ የቤት ኮላ አይደለም። የፕላስቲክ ሞዴል ኮላ የሁለቱን ክፍል ጠርዝ አሟሙቶ አንድ አድርጎ ነው የሚያያይዘው። ሱፐር ግሉን ለአብራሪው መስኮት አትጠቀሙ፤ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ያደበዝዘዋል። የብርጭቆ ወረቀት፣ የመነሻ ቀለም፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ብሩሽ ያስፈልጋል። ነጭ ቀለም በተለይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመቀባት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ይህን ሁሉ ስትደምሩት ረከስ ያለው ሳጥን ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። አስቀድማችሁ የቀለም ዕቃ ካላችሁ ነገሩ ይለያል።

የባንዳይዋን ስትከፍቱ ፕላስቲኩ ቀለሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ክፍሎቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ይገጥማሉ፣ ኮላ አይፈልጉም። ስል የፕላስቲክ መቁረጫ፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ ወረንጦ ይበቃል። ክፍሉን ተያይዞ ከመጣበት ፍሬም ስትቆርጡ መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ የቀረችውን ጉቶ ቀስ ብላችሁ አንሷት። አንድ ጊዜ ጠጋ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ጠባሳ ያስቀራል።

እኔ ይህችን ሳጥን የምወድበት ምክንያት ግን ቅለቷ አይደለም። እግሩን በእጃችሁ ስትሰበስቡት ሞተር ሲሆን ታያላችሁ። እጁ የት እንደሚገባ ስትፈልጉ ንድፉን የሠራው ሰው ምን እንዳሰበ ይገባችኋል። ፊልሙን አሥር ጊዜ ማየት ይህን አያሳይም። ከመመሪያው ቀድማችሁ አትሂዱ። አንድ ማጠፊያ በግልባጭ ከገባ ስህተቱ የሚታወቀው ብዙ ክፍሎች ከተደራረቡበት በኋላ ነው፤ ያኔ ማላቀቅ ጭንቅ ነው።

ጉድለትም አላት። በአውሮፕላን መልኳ ሆዷ ስር ያሉት እጆች ወፈር ብለው ይታያሉ፤ ከጎን ስትታይ እንደ ሃሴጋዋዋ የቀጠነች አይደለችም። ማጠፊያዎቹም ብዙ ጊዜ ከተገለባበጡ ይላላሉ፤ በየትኛውም ተቀያያሪ ሞዴል ላይ ይህ አይቀርም። በውሃ የሚለጠፉት ምልክቶች ደግሞ ብዙና ጥቃቅን ናቸው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ለእነሱ ብቻ ያዙ። ስቲከሩን መለጠፍ ይፈጥናል፤ ጠርዙ ግን ከሩቅ ይታወቃል። እኔ በውሃ የሚለጠፈውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። የባንዳይዋን ገዝቶ እንደ ሃሴጋዋዋ አሳምሮ ሊቀባት ያስባል። እኔም ሞክሬው አውቃለሁ። ቀለም ስስ ቢመስልም ውፍረት አለው። ማጠፊያው በጠባብ ቦታ ስለሚያልፍ የተቀባው ከተቀባው ጋር ይፋተጋል። ሁለተኛው ቅይይር ላይ ትከሻዋና የእግሯ ጎን ተላጠ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፤ በጣም አዘንኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የምትንቀሳቀሰውን ቀለል አድርጋችሁ ተዋት፤ መስመሮቿን በስስ ጥቁር ቀለም ማድመቅና ደብዛዛ ማጠናቀቂያ መርጨት ይበቃታል፤ እሱም ቢሆን የሚፋተጉት ቦታዎች ላይ መድረስ የለበትም። ሙሉ ቀለም የምትቀቡት የማትንቀሳቀሰውን ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለራሳችሁ መልሱ። መደርደሪያችሁ ላይ በምን መልክ ነው የምትቆመው? በአውሮፕላን መልኳ ብቻ ከሆነ ሃሴጋዋን ግዙ፤ ቀለም መቀባቱንም ልትማሩበት ትችላላችሁ። እጃችሁ ሳይነካት ማደር የማይችል ከሆነ፣ ወይም ጋዎክ ሆና እንድትቆም ከፈለጋችሁ፣ የባንዳይዋ ናት። ለፍጹም ጀማሪ ማንን ትመርጣለህ ብትሉኝ ያለ ማመንታት ባንዳይ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰውን ከሥራው የሚያስወጣው ማጠፊያው ሳይሆን ቀለሙ ነው።

ፕላስቲክ ቆርጦ ለማያውቅ ሰው ሌላም መንገድ አለ። ባንዳይ በ1/100 የሚሠራቸው ኤችጂ የሚባሉ የማክሮስ አውሮፕላኖች አሉ። ዋይኤፍ-19 አንዷ ናት። እነዚህ ሲቀየሩ ሁሉንም ነገር በማጠፊያ አይጨርሱም፤ አንዳንዱን ክፍል ነቅላችሁ በሌላ ትተካላችሁ። አንዳንዱ ይህን እንደ ማጭበርበር ያየዋል። እኔ አልስማማም። ማጠፊያው ስላነሰ ቅርጿ በሁለቱም መልክ ያምራል፤ ሥራውም ይቀላል። የሚተኩትን ክፍሎች ብቻ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ቶሎ ይጠፋሉ።

አሮጌ ሳጥን በርካሽ ያገኛችሁ እንደሆነ ደግሞ ኢማይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የ1980ዎቹ ሥራ ሊሆን ይችላል። የፕላስቲኩ ክፍሎች የሚወጡባቸው ቅርጽ ማውጫዎች በኋላ ወደ ባንዳይ ስላለፉ በባንዳይ ስም የወጡም አሉ። ስለዚህ የባንዳይ ምልክት ማየት ብቻ አይበቃም። የተሠሩትን ክፍሎች ፎቶ ፈልጉ። ፕላስቲኩ በሙሉ አንድ ቀለም ከሆነና ኮላ የሚል ካለበት አሮጌው ነው። ታሪኩን ለሚወድ ደስ ይላል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን አይሆንም።

ጭንቅላቷንም ተመልከቱ፤ ሳጥኖቹ ላይ ከቪኤፍ-1 ቀጥሎ ያለው ፊደል እሱን ነው የሚነግራችሁ። ኤ የሚለው አንድ የሌዘር መሣሪያ አለው፣ ጄ ሁለት፣ ኤስ አራት። በፊልሙ ውስጥ ሮይ ፎከር የተባለው አብራሪ የሚያበራት ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት ኤስ ናት። አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ዕቃው እንደ ድሮው አይርቃችሁም። በ2021 የማክሮስ ባለመብቶች ከጃፓን ውጭ ያለውን መብት ይዞ ከቆየው ከአሜሪካው ኩባንያ ሃርመኒ ጎልድ ጋር ከተስማሙ ወዲህ ከጃፓን ውጭ መሸጡ ቀሏል። አዲስ አበባ ላላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው የሚያመጣላችሁ። ሞዴሉን ብቻ አስመጡ። የሞዴል ኮላ፣ የቀለም ማቅጠኛና የሚረጭ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆኑ በሻንጣ አይጫኑም፤ የሚያመጣላችሁን ሰው አየር ማረፊያ ላይ ያስቆሙታል። ከሁለቱ ሳጥኖች ያለ ኮላና ያለ ቀለም የምታልቀውን እንድትመርጡ የምገፋፋችሁ ለዚህም ጭምር ነው።