የሌጎ ጋላክሲ ኤክስፕሎረር፦ ፈታትቼው ነው የወደድኩት

የሌጎው ጋላክሲ ኤክስፕሎረር፣ ከትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎች የሚገጣጠም የጠፈር መንኮራኩር፣ ቁጥር 10497፣ ብዙ ወራት እጄ ላይ ቆይቷል። ስለ እሱ ያነበብኩት ሁሉ ማለት ይቻላል ሰዎች ገጣጥመው በጨረሱ ማግስት የጻፉት ነው። ያምራል፣ የልጅነት ትዝታ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ግርማ ሞገስ አለው፣ አለቀ። እኔ ግን ዕቃው ዋጋውን ያወጣልኝ ከፈታታሁት በኋላ ስለሆነ ማውራት የምፈልገው እሱን ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት የጠፈር መንኮራኩሮች አውጥቶ ነበር፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ። ትልቁ ይሄ ነው። በአውሮፓ 928፣ በአሜሪካ 497 የሚል ቁጥር ነበረው፤ 338 ፍሬ። ኩባንያው 90ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በ2022፣ አሳድጎ እንደገና ሠራው። አዲሱ 1,254 ፍሬ ነው፣ ርዝመቱ 52 ሳንቲሜትር። ሰማያዊና ግራጫ አካል፣ ቢጫ መስታወት፣ ሁለት ቀይና ሁለት ነጭ ጠፈርተኞች፣ አንድ ትንሽ ሮቦት። ንድፉ የማይክ ሲያኪ ነው። እዚህ አሜሪካ ሲወጣ ዋጋው 99.99 ዶላር ነበር፣ እኔም በዚሁ ዋጋ ነው የገዛሁት፣ ታክሱ ሲጨመር መቶን ያልፋል። ካርቶኑ ላይ 18+ ተብሎ ተጽፏል፣ ማለትም ለአዋቂ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ይህን የምለው «ለልጅ ዕቃ ይህን ያህል ብር?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ ነው።

መገጣጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም። መመሪያው ግልጽ ነው። ስቲከር የለውም፤ ምልክቱም ቁጥሩም ፍሬው ላይ ታትሞ ነው የሚመጣው። የማረፊያ እግሮቹ ይታጠፋሉ፣ የ1979ኙ አይታጠፍም ነበር። የኋላው የዕቃ ክፍል ተከፍቶ ትንሽ መኪና ይወጣል። የጠፈርተኞቹ ሄልሜት አገጩ ጋ ወፈር ተደርጓል፤ የድሮው እዚያ ቦታ ቀጭን ስለነበር በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ይኸው ነው። ሁሉም እንደተባለው ይሠራል።

ያስገረመኝ ጥንካሬው ነው። ከኋላ በአንድ እጅ ይዤ ሳነሳው አፍንጫው አያዘቀዝቅም፣ ክንፉም አይረግብም። ይህን የሚያክል ፕላስቲክ፣ ያለ ሙጫ፣ ያለ ብሎን። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያነሳው መጀመሪያ በሁለት እጁ ተጠንቅቆ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ሕፃን ልጅ እያበረረው ሳሎኑን ይዞራል። እውነቱን ለመናገር እኔም ያው ነኝ።

ምክንያቱን ያየሁት ስፈታው ነው። ክንፉ ከላይ ሲታይ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን ስስ ፍሬዎች፣ ፕሌት የሚባሉት፣ ተነባብረው ነው ያሉት፣ የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር እንዳይውል ተደርጎ፣ ልክ ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር እንደሚያደርገው። አንዱ ፕሌት ሁለቱን ይይዛል፣ ሁለቱ አራቱን ይይዛሉ። መመሪያውን እየተከተልኩ ስገጣጥም ይህን ልብ አላልኩትም፤ ገጹ «ይህን እዚህ አድርግ» ይላል፣ ታደርጋለህ፣ ታልፋለህ። ስትፈታው ግን ከላይ ወደ ታች፣ ከቆዳው ወደ አጥንቱ ነው የምትሄደው። እያንዳንዱ ፍሬ ለምን እዚያ እንደገባ ያኔ ይገባሃል። አንዱን ትነቅልና ክንፉ ሲላላ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ለእኔ 100 ዶላሩ የተከፈለው ለዚህ ትምህርት ነው፣ ደግሞም አልቆጨኝም፣ አይቆጨኝምም።

እዚህ ላይ ከሻጮች ጋር ጠብ አለኝ።

አንደኛው ነጋዴ «ወንድሜ፣ ካርቶኑን እንዳትከፍተው» የሚለው ነው። «ፋብሪካው ማምረት ሲያቆም እጥፍ ታወጣበታለህ።» እሺ፣ ማምረት አቁሟል፣ ዋጋውም ከፍ ብሏል። ታዲያስ? ታሽጎ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሌጎ ምንድን ነው? ባለቤቱ ውስጡን አላየው፣ ልጁ አልነካው፣ የሚገዛውም ሰው መልሶ ሊያሽገው ነው የሚገዛው። እንዲህ ያለ ንግድ ከፈለግክ አክሲዮን አለልህ፣ ወርቅ አለልህ። የልጆችንና የሠሪዎችን ዕቃ ከገበያ ሰብስቦ ቤዝመንት መከመር በጣም ያናድደኛል። ይህን ዕቃ ዛሬ በዋናው ዋጋ ማግኘት የማይችል ሰው የማይችለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ፈገግ ብሎ የፕላስቲክ መስታወት ሣጥን የሚሸጥልህ ነው። «ይሄ እኮ የሚታይ ዕቃ ነው፣ አቧራ እንዳይነካው።» አቧራ ይነካዋል፣ እውነት ነው፣ በተለይ ቢጫው መስታወት ላይ ቶሎ ይታያል፤ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። ግን «የሚታይ ዕቃ» የሚለው አነጋገር አይዋጥልኝም። ላያቸው ላይ በሁለት ረድፍ አራት አራት ክብ ጉብታ ያላቸው ስድስት ተራ ጡቦች ብቻቸውን ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይገጣጠማሉ። እዚህ ሣጥን ውስጥ ደግሞ 1,254 ፍሬ አለ። አንድ ጊዜ ገጣጥሞ መቆለፍ ምን ይሉታል? ፋብሪካው ራሱ እንኳ ከነዚሁ ፍሬዎች ሌሎቹን ሁለቱን የ1979 መንኮራኩሮች፣ 918ንና 924ን፣ የሚያስታውሱ ሞዴሎች መሥሪያ መመሪያ በነፃ አውጥቷል። አምራቹ ፍታው እያለህ ሻጩ ቆልፈው ይልሃል።

እናም ፈታሁት፣ የራሴንም ሠራሁበት። መመሪያ የሌለው የራስ ፈጠራ «ሞክ» ይባላል፣ ሠሪዎቹ ዘንድ የታወቀ ቃል ነው። የእኔዋን «ሰጎን» ብያታለሁ፣ አንገቷ ረጅም ስለሆነ። ከኋላ ሰፊ ክንፍ፣ ከፊት ቀጭን አንገት፣ ጫፉ ላይ አንድ አብራሪ ብቻ የምትይዝ ጎጆ።

አንገቷን ላሳያችሁ፣ በጣም የምኮራበት እሱ ነው። የሌጎ ልክ እንዲህ ነው፦ ፍሬው ላይ ያሉት ክብ ጉብታዎች ከመሐል እስከ መሐል 8 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። የአንድ ፕሌት ውፍረት 3.2 ሚሊሜትር ነው። አምስት ፕሌት ብትደራርብ 16 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ይህም በትክክል የሁለት ጉብታ ስፋት ነው። ስለዚህ አምስቱን ፕሌት በጎናቸው ብታስተኛቸው ሁለት ጉብታ ስፋት ባለው ቦታ ላይ አንዲት ክፍተት ሳይቀር ግጥም ይላሉ። የሰጎን አንገት ይሄ ነው፦ ሁለት ግራጫ፣ መሐል ላይ አንድ ሰማያዊ፣ ሁለት ግራጫ። ከላይ ስታዩት ግራጫው አንገት መሐል ለመሐል አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ከጎጆው እስከ ክንፉ ትወርዳለች። ቀለም የለም፣ ስቲከር የለም፣ የፕሌት ጠርዝ ብቻ። ጉብታዎቹ ሁሉ ወደ ጎን ስለዞሩ ላዩ ልሙጥ ነው፣ ጣት ሲሄድበት ይንሸራተታል። ከጎን ጉብታ ያላቸው ትንንሽ ጡቦች ናቸው ውስጡን የያዙት። ይህን ያለ ጋላክሲ ኤክስፕሎረር አልደርስበትም ነበር ብል ማጋነን አይደለም፤ ፍሬ በጎኑ ሲገጠም ምን ያህል እንደሚይዝ በእጄ ያየሁት እሱን ስፈታ ነው።

ቀጥሎ ማካፈሉ መጣ። ስቱዲዮ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፣ የብሪክሊንክ ነው፣ የሌጎ ፍሬ በኢንተርኔት የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ፤ ብሪክሊንክን ራሱን ሌጎ በ2019 ገዝቶታል። እዚያ ላይ መንኮራኩርህን በዲጂታል ትሠራለህ፣ ሁለት ፍሬ በአንድ ቦታ ከገቡ ይነግርሃል፣ የፍሬዎቹን ዝርዝር ያወጣልሃል፣ በመጨረሻም ደረጃ በደረጃ መመሪያ አድርገህ በፒዲኤፍ ታትመዋለህ። መመሪያ ማዘጋጀት ከመሥራቱ ይከብዳል። እጅህ የሚያውቀውን ነገር ለማያውቅ ሰው በሥዕል ማስረዳት አለብህ፣ የትኛው ፍሬ ከየትኛው በፊት መግባት እንዳለበት፣ የትኛው በኋላ እጅ እንደማያስገባ። ብዙ ማታ ፈጀብኝ። ደስ እያለኝ ነው የፈጀብኝ።

ፒዲኤፉን አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት። ልጁ ፍሬዎቹን የሚያገኘው ከመርካቶ ነው፣ ከተለያየ ፋብሪካ የተቀላቀሉ፣ አንዳንዱ ጥብቅ ብሎ የሚይዝ አንዳንዱ የሚላላ። «ይሞክረው፣ ካልሆነም ሥዕሉን አይቶ ይደሰታል» ብዬ ነበር። ፎቶ ላከልኝ። ሰጎን ቆማለች! ክንፏ አረንጓዴ፣ አንገቷ ላይ ያለችው መስመር ሰማያዊ ስላጣ ቀይ። ሰያፍ የተቆረጡት የክንፍ ፕሌቶች ስለሌሉት ቀጥ ያሉትን በደረጃ አሳጥሮ ደርድሯቸዋል፣ ጠርዙ እንደ መሰላል ወጣ ገባ ይላል። እሱም ያምራል። ግን ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው። የማረፊያ እግር የላትም። «ጋሼ፣ እግሩ የሚታጠፍበት ማጠፊያ የለኝም። ጅራቷን ወደ ታች ገለበጥኩት፣ በሱ ቆመች» ብሎ ጻፈልኝ።

ሄጄ የራሴን ገለበጥኩት። እውነትም ትቆማለች። ከፊት አንዲት አጭር እግር፣ ከኋላ ሁለቱ የጅራት ክንፎች፣ ሦስት ነጥብ። አፍንጫዋ ቀና ብሎ አሁን ልትነሳ የተዘጋጀች ትመስላለች። የእኔ የኋላ እግሮች ተነቅለው ወጡ፣ እነሱ የያዙት ቦታም ለዕቃ ክፍል ተረፈ። እኔ ሙሉ ሣጥን ይዤ ያልታየኝን እሱ ማጠፊያ አጥቶ አየው። መመሪያውን አሻሽዬ ስሙን ከስሜ ጎን ጻፍኩበት። ማካፈል ሲባል እኔ የማውቀው ትልቁ ደስታ ይሄ ነው፤ «ዋው» የሚል መልስ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራህን ወስዶ የተሻለ አድርጎ የሚመልስልህ ሰው ሌላ ነገር ነው። እና ሻጩ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ካርቶኑ ስለተከፈተ ነው።

የሚጎድለው የለም አልልም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግራጫ ለአንድ መካከለኛ መንኮራኩር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ስታስብ ያልቃል። በሴፕቴምበር ወር ሠሪዎች «ሺፕቴምበር» ብለው ቢያንስ 100 ጉብታ የሚረዝም መንኮራኩር ይሠራሉ፣ 80 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ ጋላክሲ ኤክስፕሎረር 65 ጉብታ ነው። እኔም ለሚመጣው መስከረም፣ ከእንቁጣጣሽ በዓል ጋር አብሮ እንዲውል፣ እያሰብኩበት ነው፤ ለዚያ ፍሬ መግዛት የግድ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሌጎ በ2004 አካባቢ ግራጫውን ቀይሯል። የድሮው ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ የአሁኑ ወደ ሰማያዊ። ለየብቻ ስታዩት ያው ይመስላል፣ አንድ ክንፍ ላይ ጎን ለጎን ስታደርጉት ግን ከሩቅ ይለያል። ሻጩን የትኛው ግራጫ እንደሆነ ጠይቁት። ደግሞ ከአንድ ሻጭ ብዙ ፍሬ መግዛት ይሻላል፣ ትንሽ ትንሹን ከየቦታው ስታዙ የመላኪያው ዋጋ ከፍሬው ይበልጣል።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፦ በዋናው ዋጋ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት አይናችሁን አትሹ። ያገለገለና ካርቶን የሌለው ከተገኘ እንዲያውም እሱ ይሻላል፣ ለካርቶን አትከፍሉም። እጥፍ ለሚጠይቅ ነጋዴ ግን አትክፈሉ። መመሪያው በሌጎ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይወርዳል፣ ፍሬዎቹን በዝርዝር ከብሪክሊንክ ማዘዝ ይቻላል። የታተሙት ፍሬዎች ዋጋ ስለሚያስወድዱ በተራ ፍሬ ተኩዋቸው፣ ጥንካሬው እንደሆነ አይቀንስም። የሰጎንን መመሪያ የሚፈልግ ካለም እልካለሁ፤ አዲሱን፣ ጅራቷ ወደ ታች የሆነውን።