ከካትማንዱ የሚነሳ «የሂማላያ የአንድ ቀን ጉብኝት» ለመግዛት ላሰባችሁ

ለአጭር ዕረፍት ወደ ኔፓል ለመሄድ ለምታስቡ ወገኖች፣ በተለይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በቀጥታ በረራ ካትማንዱ ገብታችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራችሁ ለምትመለሱ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጉዳዩ በኢንተርኔትም ሆነ ታሜል በሚባለው የቱሪስቶች ሰፈር ባሉ ትንንሽ ቢሮዎች «የሂማላያ የፀሐይ መውጫ ጉብኝት» እየተባለ የሚሸጠውን አገልግሎት ይመለከታል። ማስታወቂያው ሲነበብ ያማረ ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ከሆቴል ተወስዶ ናጋርኮት ከተባለው ኮረብታ ላይ ፀሐይ ስትወጣ መመልከት፣ ኤቨረስትን ማየት፣ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ጥንታዊቷን ባክታፑርን መዞር፣ ምሳ በልቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአንድ ሰው 85 ዶላር፣ ሙሉውን በቅድሚያ ከፍለን ገዛነው፤ የተሰጠን ግን የተሸጠልንን የሚመስል አልነበረም። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው አዝኜለት አይደለም። ያው ጽሑፍ ከነፎቶግራፉ፣ አልፎ ተርፎም ከነፊደል ግድፈቱ፣ በተለያዩ ስሞች ስለሚሸጥ አንዱን ለይቶ መጥራት የቀሩትን ነጻ ማውጣት ይሆናል።

ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዚያ ዕለት ተራራ አላየንም፤ ጭጋግ ነበር፤ ጭጋግ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። ያስቆጣን ጭጋጉ የሁሉ ነገር ማመካኛ መሆኑ ነው። መኪናው ዘግይቶ መምጣቱ፣ የመመልከቻው ማማ መቅረቱ፣ አስጎብኚ አለመኖሩ፣ ግማሹ ቀን በሱቅ ውስጥ ማለቁ በተነሳ ቁጥር መልሱ ያው አንድ ነበር፦ «አየሩ ነው እኮ፣ ምን እናድርግ?» አየሩ ያላደረገውን ሁሉ በአየሩ ማሳበብ የሚቻለው ገዢው ምን እንደገዛ ለይቶ ሳያውቅ ሲቀር ነውና፣ ከሰማይ የሚመጣውንና ከሻጩ የሚመጣውን ለያይቼ አቀርባለሁ።

ከኤቨረስት ልጀምር። ኔፓላውያን ሳጋርማታ የሚሉት ይህ ተራራ፣ ኔፓልና ቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጋራ ባስታወቁት ልኬት መሠረት፣ 8,848.86 ሜትር ከፍታ አለው። ናጋርኮት ከካትማንዱ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 2,200 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ መንደር ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ከዚያ እስከ ኤቨረስት በቀጥታ መስመር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰማዩ ፍጹም ጥርት ባለበት ቀን ይታያል መባሉ እውነት ነው፤ የሚታየው ግን በምሥራቅ አድማስ ላይ ከሌሎች ጫፎች መካከል አንድ ሰው በጣቱ ካላመለከታችሁ በስተቀር የማትለዩት ትንሽ ነጥብ ነው። ናጋርኮት ላይ ዓይን የሚሞላው በስተሰሜን በኩል ያለው የላንግታንግ ሰንሰለት ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ላንግታንግ ሊሩንግ ከ7,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። እርሱም ቢሆን ግሩም እይታ ነው፣ በስሙ ቢሸጥልኝ ኖሮ ያለ ቅሬታ እገዛው ነበር።

የማስታወቂያው ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነው። ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት የተከፈለ ነጭ ተራራ ከአንድ ሐይቅ በላይ ቆሞ ይታያል። ይህን ፎቶግራፍ በናጋርኮት ጉብኝት ማስታወቂያ ላይ ካያችሁ ገጹን ዝጉት። ተራራው 6,993 ሜትር ከፍታ ያለው ማቻፑቻሬ ሲሆን፣ በዚያ ግዝፈት የሚታየው ከፖካራ ከተማ ነው፤ ፖካራ ደግሞ ከካትማንዱ በመኪና 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የመንገዱ ሁኔታ ሲታሰብ አብዛኛውን ቀን የምትፈጅ ናት። ከካትማንዱ ተነስቶ በአንድ ቀን በመኪና ደርሶ መመለስ የሚታሰብ አይደለም። ሌላው ማስታወቂያ የፀሐይ መውጫን ከቻንድራጊሪ ኮረብታ የኬብል ካር ጉዞ ጋር በአንድ ንጋት አጣምሮ ይሸጣል፤ ኬብል ካሩ ጎህ ሳይቀድ ሥራ እንደማይጀምር ሻጩ አይነግራችሁም።

ወቅቱም የሻጩ ኃላፊነት ነው፣ ምክንያቱም ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። በኔፓል ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ተራሮቹ ጥርት ብለው የሚታዩት ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ አበባው ያማረ ቢሆንም የደን ቃጠሎ ጭስና የከተማው አቧራ ሸለቆውን ይሸፍኑታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በማርች ወር መጨረሻ ጭሱ ከመክፋቱ የተነሳ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለጥቂት ቀናት ዘግቶ ነበር። በተቃራኒው በ2020 የኮሮና ዕገዳ መኪናና ፋብሪካ በቆሙበት ጊዜ ኤቨረስት ከካትማንዱ ሸለቆ ፎቶ ተነሳ ተብሎ የዓለም ዜና ሆኗል። ዜና የሆነው ብርቅ ስለሆነ ነው። እኛ የሄድነው በሚያዝያ ነበር፤ ሻጩ በዋትስአፕ የጻፈልን ቃል ደግሞ «በዚህ ወቅት ኤቨረስት በእርግጠኝነት ይታያል» የሚል ነው። ጭጋጉን ያመጣው እርሱ አይደለም፣ «በእርግጠኝነት» የሚለውን የጻፈው ግን እርሱ ነው።

ወደ ሰዓቱ ልለፍ፤ ሰዓቱን የምገልጸው በእኛ አቆጣጠር ነው። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ካትማንዱ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ከታሜል እስከ ናጋርኮት በባዶ መንገድ እንኳ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ የሚነሳ መኪና ለፀሐይ መውጫ አይደርስም። ደረሰኛችን ላይ የተጻፈው 10 ሰዓት ነበር፣ መኪናው የመጣው 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያም «የግል» ተብሎ የተሸጠልን መኪና ሌሎች መንገደኞችን ከየሆቴላቸው ለመልቀም በከተማው ውስጥ ዞረ። ባክታፑርን ሳናልፍ ሲነጋ መኪናው ውስጥ ነበርን። ሰማዩ ጥርት ቢልም ኖሮ ፀሐይዋን የምናያት በመስኮት፣ ከጭነት መኪና ጀርባ ነበር።

ናጋርኮት ስንደርስ ያቆሙን አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው፤ ለመቀመጥ ቡና ማዘዝ ግዴታ ነበር። በውሉ ላይ የተጻፈው የመመልከቻ ማማ ከመንደሩ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሸንተረሩ ላይ የሚገኝ የብረት ማማ ነው። ለምን አንሄድም ብለን ስንጠይቅ ጭጋግ ስላለ ጥቅም የለውም ተባልን። ጥቅም ይኑረው አይኑረው የሚወስነው የከፈለው ሰው መሆን ነበረበት፤ የተራራ ጭጋግ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ተገልጦ መልሶ የሚከደን መሆኑን የእኛን ሰሜን ተራሮች ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ የተባለው ሹፌሩ ሆኖ ተገኘ። እንደ አገሩ ልማድ ወንዱን «ዳይ»፣ ሴቷን «ዲዲ» እያለ፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ፣ ታላቅ እህቴ እያለ የሚጠራን ትሑት ወጣት ነው፤ አስጎብኚ እንዳልሆነም ራሱ አልደበቀንም። ቁጣችሁን በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ላይ አትወርውሩ፤ ድርጅቱ የሚከፍለው ትንሽ ስለሆነ ኑሮው ከሱቆቹ ኮሚሽን ላይ ነው። በነገራችን ላይ ሻጩ ለአስጎብኚ ተጨማሪ 20 ዶላር ያስከፈለን «በ2023 በወጣው ሕግ ያለ አስጎብኚ መሄድ ክልክል ነው» ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ በተራራ ላይ በእግር የሚደረጉ የቀናት ጉዞዎችን የሚመለከት ነው፤ በአስፋልት ወደ ናጋርኮት ለሚሄድ ሰው አስጎብኚ ግዴታ አይደለም።

ቀኑን የበላው ግን የሱቁ ነገር ነው። «የታንካ ሥዕል ትምህርት ቤት» ብለው ወሰዱን፤ ታንካ በጨርቅ ላይ የሚሣል የቡድሂስቶች ሃይማኖታዊ ሥዕል ነው። ፎቅ ላይ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ከመብራት ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከፀጉር በማይወፍር ብሩሽ የቡድሃን ልብስ ጠርዝ በወርቅማ ቀለም ይከተላል። ሥራው ድንቅ ነው፣ ይህን አልክድም። ገለጻው እንዳለቀ ግን የጎን በር ይከፈትና ግድግዳው በሥዕል የተሞላ መሸጫ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ዋጋው በዶላር ነው፤ ወደ መውጫው በተጠጋችሁ ቁጥር እየወረደ ሄዶ በሩ ላይ ከግማሽ በታች ይደርሳል። ከዚያ የሚዘፍኑ ጎድጓዳ ሳህኖች ወደሚሸጡበት ቤት ተወሰድን። ሳህኑን ጭንቅላታችሁ ላይ ደፍተው በእንጨት ይመቱታል፤ ከሰባት ማዕድናት የተሠራ ነው ይሏችኋል፤ ይህን በየሱቁ ትሰሙታላችሁ፣ አብዛኛው ሳህን ግን ተራ ነሐስ ነው።

በመጨረሻ የፓሽሚና፣ ማለትም ከለስላሳ የፍየል ፀጉር የሚሠራ፣ ሻርፕ ቤት ነበር፤ ከእኛ መካከል ሁለት ሴቶች የገዙት እዚህ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሻጩ ሻርፑን በጣት ቀለበት ውስጥ አሾልኮ በመሳብ እውነተኛ መሆኑን «ያረጋግጣል»። ስስ የሆነ ማንኛውም ጨርቅ፣ ቪስኮስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅም ቢሆን፣ በቀለበት ያልፋል፤ ስለዚህ ፈተናው ምንም አያረጋግጥም። ከጫፉ አንድ ክር ተመዝዞ ሲቃጠል ግን የፍየል ፀጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ቪስኮስ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ይጠጥራል። ክር ለማቃጠል የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ በፓሽሚና ዋጋ አትግዙ። የእኅቶቻችን ሻርፕ ዱባይ ተመልሰን ስንሞክረው የወረቀት ሽታ ሰጠን።

ባክታፑር የተረፈላት ጊዜ አንድ ሰዓት የማይሞላ ነበር። የመግቢያው ክፍያ ለደቡብ እስያ ዜጎች ዝቅተኛ ሲሆን ለሌላው የውጭ ዜጋ ከአንድ ሺህ የኔፓል ሩፒ በላይ ነው። ማስታወቂያው «ሁሉን ያካተተ» ቢልም በደረሰኙ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የቅርስ መግቢያ እንደማይጨምር ተጽፏል። ከተማዋ ራሷ ግን ሙሉ ቀን ይገባታል።

ቅሬታችንን ስናሰማ የቀረበልን ማካካሻ ሌላ ሽያጭ ነበር፦ በማግስቱ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የተራራ በረራ፣ «በቅናሽ»። ይህም በረራ እንደ ጉብኝቱ በአየሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የኔፓልን አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ክልሉ እንዳይበሩ ያገደ መሆኑንም አውቃችሁ ወስኑ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዛችሁ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚመጣ ነገር አለ። ሻጮቹ ቪዛ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በቀላሉ ይሰጣል ብለው ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላሉ። ለአሜሪካ፣ ለእስራኤል ወይም ለአውሮፓ ፓስፖርት እውነት ነው፤ ለ15 ቀን 30 ዶላር፣ ለ30 ቀን 50 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ ግን ዜጎቻቸው ቪዛ አስቀድመው ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት ካለባቸው ጥቂት አገሮች ተርታ ናት፤ የባሕረ ሰላጤው የመኖሪያ ፈቃድም ይህን አይለውጠውም። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ለጉብኝት አንድ ዶላር አትክፈሉ።

ጉብኝቱን አሁንም የምትፈልጉት ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ተቀበሉ፦ መኪናው ከሆቴላችሁ የሚነሳበትን ሰዓትና ቢዘገይ የሚመለሰውን ገንዘብ፣ የመመልከቻውን ቦታ ስም፣ አስጎብኚው ከሹፌሩ የተለየ ሰው መሆኑንና የፈቃድ ቁጥሩን፣ ሱቅ አለመኖሩን። ከግማሽ በላይ በቅድሚያ አትክፈሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ናጋርኮት ወይም ዱሊኬል በተባለችው ሌላ የተራራ መመልከቻ ከተማ ማደር ነው። ከባክታፑር ካማል ቢናያክ ከሚባለው ቦታ የሕዝብ አውቶቡስ ወደ ናጋርኮት ይወጣል፤ ታሪፉ ከ85 ዶላር ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ ያደረ ሰው ደግሞ አመሻሹንም ንጋቱንም ያገኛል፣ ጭጋጉ አንዱን ቢነሳው ሌላውን ሊተውለት ይችላል።

እንደ እኛ የደረሰባችሁ ካላችሁ ካትማንዱ ሳላችሁ ብሪኩቲማንዳፕ ወደሚገኘው የቱሪስት ፖሊስ ሂዱ፤ የስልክ ቁጥሩ 1144 ነው። ማስታወቂያውን፣ ደረሰኙን፣ የዋትስአፕ ምልልሱን ስክሪንሾት አንስታችሁ ያዙ፤ በካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ለባንካችሁ አገልግሎቱ እንደተገለጸው አልቀረበም ብላችሁ የክፍያ ተቃውሞ አስገቡ። በተቃውሟችሁ ውስጥ ስለ ጭጋጉ አንድም ቃል አትጻፉ፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ማማው፣ ስለ አስጎብኚውና ስለ ሱቁ ብቻ ጻፉ፤ ለእነዚህ አየሩን ማመካኛ ማድረግ አይችሉም። እኛ ተቃውሞውን እንዳስገባን ድርጅቱ የጻፍነውን አስተያየት ብናጠፋ ግማሹን ገንዘብ እንደሚመልስ ጻፈልን። አልተቀበልንም፤ የባንኩን መልስ እየጠበቅን ነው።